ዲቪ የሞላው ልጅ ከሃዲ አይደለም፤ አንተ ግን ወረቀትህን ንገረን

የዲቪ 2025 ውጤት የወጣው ሚያዝያ 26 ቀን 2016 ነው። ቀዳም ስዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት። እዚህ ኮልፌ ከ18 ማዞሪያ እስከ ዓለም ባንክ ያለው ወጣት ለሌሊቱ ቅዳሴ ነጠላውን እያዘጋጀ በሌላ እጁ ኮንፈርሜሽን ቁጥሩን ይነካካ ነበር። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ከመግሪብ መልስ እንደዚያው። የደረሰው ጮኸ፣ ያልደረሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ዝም አለ። በማግሥቱ ግን ጾሙ በወጉ ሳይፈታ ስድቡ ተጀመረ።

አገሩን በዕጣ የሚሸጥ ትውልድ ተባልን። ወገኑ እየሞተ አሜሪካን የሚመኝ ከሃዲ ተባልን። ዲቪ ለደረሰው እንኳን ደስ ያለህ ሳይሆን ነፍስ ይማር በሉት ያለም አለ። ይህን ኮመንት ያደረጉትን ልጆች ሁሉ አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ንዴታቸው እውነት ነው። ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። እነዚህን ፖስቶች መጀመሪያ የለጠፋቸው ማን እንደሆነ ወደ ላይ ወጥታችሁ እዩ። ሰዓቱንም እዩት። እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የተለጠፈው። እሱ ጋ ግን ገና ማታ ነው፣ ራት በልቶ ጨርሷል። ሰውየው ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወይም አሌክሳንድሪያ። ወይም ሚኒሶታ።

እሱ እንዴት ሄደ? በእግሩ?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ግሪን ካርድ የሚባለው ነገር ሌላ ምንም አይደለም፣ የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት ነው። አንድ መንግሥት «እዚህ ኑር፣ እዚህ ሥራ፣ ሕግ እስካከበርክ ማንም ተነስ አይልህም» ብሎ የሚሰጥህ ማረጋገጫ። አሁን ልጠይቅህ፦ ይህን ማረጋገጫ ለአንተ እዚሁ አገርህ ላይ የሰጠህ አለ?

ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያለውን ገበሬ ጠይቀው። አያቱ የተቀበሩበት መሬት ላይ «መጤ» ተብሎ ነው የወጣው። ቋሚ ነዋሪ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ወረቀት ቢኖረው ኖሮ ምን ይጠቅመው ነበር? በ2015 ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ መንገድ ላይ እየወረዱ የተመለሱትንስ? የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር ያነሣው ጉዳይ ነው። በገዛ አገራቸው ዋና ከተማ ለመግባት ቪዛ የተከለከሉ ያህል ነበር። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸው ዲቪ ቢሞሉ አገራቸውን ከዱ ልትላቸው ነው?

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገውንም እንየው። እዚህ ከተማ ላይ ቤት በዕጣ ነው። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ልጅ ወልደው፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጨርሶ፣ ዛሬም በኪራይ ቤት ያሉ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ከ25 ሺህ በላይ ቤት ዕጣ ወጣ ተባለ። እልል ተባለ። ቀናት አልቆየም፣ የከተማው አስተዳደር ራሱ መረጃው ተነካክቷል ብሎ ዕጣውን ሰረዘው፣ ሰዎችም ታሰሩ። እልል ያለችው እናት እልልታዋን ዋጠች። ኅዳር 2015 ላይ እንደ አዲስ ወጣ። በ2016 ደግሞ ፒያሳ ላይ ስንት ዓመት የኖረ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲነሳ አይተናል።

እና ይህ ልጅ ዕጣ ሲያይ ያደገ ልጅ ነው። እዚህም ዕጣ፣ እዚያም ዕጣ። ልዩነቱ የእዚያኛው ዕጣ የቀበሌ ካድሬ አያውቅህም፣ የማን ልጅ ነህ አይልህም፣ ብሔር የሚል ሣጥን የለውም። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ተጽፎ ላደገ ትውልድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚጠይቅህ የተወለድክበትን አገር ነው። ኢትዮጵያ ብለህ ትሞላለህ። (ይገርማል፣ አንዳንዱ ልጅ «ኢትዮጵያ» ብቻ ብሎ ሞልቶ ማንም ያልተከራከረው እዚያ ፎርም ላይ ብቻ ነው።)

ቆይ፣ ተምረህ በሙያህ ለምን አትሄድም የሚሉም አሉ። ለምን ልመናና ዕጣ? እሺ፣ ካናዳን እንይ። ካናዳ ቋሚ ነዋሪነት የምትሰጠው በነጥብ ነው፤ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ይባላል፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በዕድሜ ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው ከ20 እስከ 29 ዓመት ያለው ሰው ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ «ገና ልጅ ነህ፣ ተራህን ጠብቅ» የሚባለውን ዕድሜ እነሱ ሙሉ ነጥብ ይሰጡታል። ግን ወረድ ብለህ ስታነብ፣ ከውጭ ሆኖ በሙያው ለሚያመለክት ቢያንስ አንድ ዓመት ያልተቋረጠ የሙያ ሥራ ልምድ ይላል። ዲግሪህን ማስገምገም፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ከዚያ ለብቻህ ከሆንክ እንኳ ዳጎስ ያለ የካናዳ ዶላር ባንክ ውስጥ እንዳለህ ማሳየት። ተመርቆ ሦስት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ልጅ የትኛውን የሥራ ልምድ ያምጣ? እዚህ ዜሮ ዓመት ልምድ ለሚል አንድ ቦታ ስንቱ እንደሚሰለፍ የተሰለፈ ያውቀዋል። እኔም የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አለኝ፣ እናቴ ፍሬም አድርጋ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ እስካሁን ያለው አገልግሎት ይኸው ነው።

ስለዚህ ሥራ ያጣውን ምሩቅ አገሩም አልቀጠረው፣ ካናዳም አልፈለገችው። የቀረው ዲቪ ነው። ዲቪ የሚጠይቀው 12ኛ ክፍል ማጠናቀቅን፣ ወይም በሕጉ የተዘረዘረ ሙያ ላይ የሁለት ዓመት ልምድ ነው። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠህ በመጨረሻ የምትወዳደረው በ12ኛ ክፍል ወረቀትህ ነው። ይህን ያደረገው ልጁ ነው?

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ፤ ምክንያቱም «ወጣቱ ሁሉ በዲቪ አለቀ፣ ትግሉን ማን ይሸከም» የሚለው ክስ በቁጥር አይቆምም። የዲቪ ሕግ በአሜሪካ የጸደቀው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። በነገራችን ላይ ሲረቀቅ በብዛት የታሰቡት አይሪሾች እንጂ እኛ አልነበርንም። በ1995 እ.ኤ.አ. በመደበኛነት ሲጀመር ለመላው ዓለም በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ መደበ፤ ከዚያ ውስጥ እስከ 5 ሺህ ድረስ ለሌላ ጉዳይ ሊቀነስ ይችላል። ከአንድ አገር ደግሞ ከ7 በመቶ በላይ አይሰጥም። አስላው። ለመላው ኢትዮጵያ ቢበዛ 3,850 ነው፣ ያውም ሚስትና ሕፃን ልጅ ተቆጥሮ። በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚመረቅበት አገር ውስጥ 3,850 ሰው ሄደ ተብሎ ትግል ባዶ አይሆንም። የቀረነው እኛ ነን ሥራ ፈተን በየመንደሩ የተቀመጥነው። እኛን ያላደራጀ ሰው የሄደውን ይሰድባል።

ይልቅ ስለ ማን እንደማይወራ ልንገራችሁ። ስለማይሞላው። የዲቪ 2025 ምዝገባ ከመስከረም 23 እስከ ጥቅምት 27 ቀን 2016 ነበር። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ታውጆ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ ለወራትም አልተከፈተም። ማለት ምዝገባው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ያለፈው ዳታ በሌለበት ነው። ደሴ ያለች የአክስቴ ልጅ ስሟን፣ የትውልድ ቀኗን፣ አድራሻዋን ፊደል በፊደል በስልክ እየነገረችኝ እዚህ ኮልፌ ሆኜ ሞላሁላት። ስሙ ተላከ፣ ፎቶ ግን በድምፅ አይላክ! ፎቶው ከስድስት ወር ወዲህ የተነሳ፣ ጀርባው ነጭ፣ መነጽር የሌለው፣ ባለ አራት ማዕዘን መሆን አለበት። መንገዱ በተከፈተ ቀን በሚመጣ ሰው እጅ በፍላሽ ተልኮ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ። አልደረሳትም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እሷ አዲስ አበባ ዘመድ ስላላት ዕጣ ውስጥ ገባች። ዘመድ የሌለው የላስታ ልጅ፣ የመንዝ ልጅ፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ ዕጣው ውስጥም አልገባም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችን ስለዚህ አንድ ላይቭ አልገባም። ከሃዲ እያለ የሚሰድበው ግን በሦስት ቀን አራት ጊዜ ላይቭ ገባ።

እሺ፣ አሁን ወደ እሱ ወረቀት እንሂድ። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ላባቸውን ጠብ አድርገው፣ ሌሊት መኪና እየነዱ ለተፈናቃይ የሚልኩ ስንት አሉ፣ ለእነሱ እግዜር ይስጥልን። የማወራው ስለ ሰባኪው ነው። ሰባኪው ሦስት ዓይነት ወረቀት ሊኖረው ይችላል፣ ሦስቱም የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ ያለው፣ አሁንም ኢትዮጵያዊ ነው። ፓስፖርቱ የእኛው ነው። ግን ከአሜሪካ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ፈቃድ ከወጣ ካርዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «መጥቼ አብሬያችሁ እሰለፋለሁ» የሚለው ቃሉ የጊዜ ገደብ አለው። ሌላም አለ፦ ዕድሜው ከ18 እስከ 25 የሆነ ወንድ ግሪን ካርድ ይዞ ሲገባ በ30 ቀን ውስጥ ለአሜሪካ የውትድርና ምልመላ መዝገብ መመዝገብ አለበት። አዎ፣ ግዳጅ ዛሬ የለም፣ መዝገቡ ግን አለ። እኛን «ዝመት» የሚለን ሰው ስሙ የተመዘገበው የት እንደሆነ አስቡት።

አምስት ዓመት ሞልቶት ዜግነት ከወሰደ ደግሞ ቀኝ እጁን አንስቶ ምሏል። መሐላው ለሌላ ማንኛውም መንግሥት የነበረኝን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ፣ ሕግ ሲጠይቀኝ ለአሜሪካ መሣሪያ አነሳለሁ ይላል። በእኛ በኩል የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 አለ፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ሦስተኛው ወረቀት ቢጫ ካርድ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። ሁለት ነገር ግን አይፈቀድለትም፦ መምረጥ ወይም መመረጥ፣ እና በመከላከያና በደኅንነት መሥሪያ ቤት በቋሚነት መቀጠር።

እዩት እንግዲህ። ሕጉ ራሱ ለዚህ ሰው አትመርጥም፣ ወታደርም አትሆንም ብሎታል። እሱ ለእኛ ማንን እንደምንከተል ይመርጥልናል፣ ወታደርም ያደርገናል። የቋሚ ነዋሪነት ጉዞውን ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው ጨርሶ፣ መሐላውን ምሎ፣ ገና ፎርም የሞላችውን የአክስቴን ልጅ ከሃዲ ይላታል። እዚህ ላይ ዝም የምል ከሆነ የተማርኩት ምኑን ነው?

ማንዴላን የሚያነሱም አይጠፉም። «የኮልፌ ልጅ ሆነህ ማንዴላ በሰፈርህ ሠልጥኖ ወደ አገሩ እንደተመለሰ ረሳህ?» ይሉኛል። አልረሳሁም፣ ሰፈሬ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. እዚህ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ መጣ፣ ስድስት ወር ታስቦ ሁለት ወር ገደማ ሠልጥኖ ተጠራ፣ ተመለሰ፣ ነሐሴ 5 ቀን እ.ኤ.አ. ተያዘ። ግን ታሪኩን ሙሉውን ንገሩን። የጠሩት ሰዎች እዚያው አገር ቤት የሚታገሉ ነበሩ፣ እሱም ተመልሶ አብሯቸው ታሰረ። ከሩቅ ሆኖ ሌላውን አልላከም። ደግሞ በእጁ የነበረው ፓስፖርት የማን ነበር? በዴቪድ ሞትሳማዪ ስም የተሰጠ የኢትዮጵያ ፓስፖርት። ያን ጊዜ ሰው የሚለምነው የእኛን ወረቀት ነበር። ከ1966 በፊት አሜሪካ ሄደው የተማሩ ልጆቻችንም አብዛኞቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመልሰዋል። እዚያ መቅረት አቅቷቸው አይደለም፤ እዚህ የሚጠብቃቸው ሥራ፣ ደመወዝና ክብር ስለነበረ ነው። የዚያ ትውልድ ደም ከእኛ ደም አይበልጥም። አገሪቱ ናት የተለወጠችው። ቀይ ሽብር ሲመጣ በሱዳን በረሃ በእግር የወጡት የእነሱ ታናናሾች ነበሩ።

ዲቪን የማደንቅ እንዳይመስላችሁ። ዲቪ ክብር የለውም። ፊትህን በአራት ማዕዘን ቆርጠህ ሰጥተህ ኮምፒውተር እስኪያነሳህ መጠበቅ ነው። ደርሶህም ገና ነው፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው «ተመርጠሃል» ይባላል፣ ቪዛው ግን ያው 55 ሺህ ነው። የኬዝ ቁጥርህ ከፍ ካለ መስከረም 30 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ዕድሉ እንደ ጉም ይበናል። በ2020 እ.ኤ.አ. ትራምፕ በወረርሽኙ ሰበብ ሲዘጋው፣ ዕጣው ደርሷቸው ሥራ ለቀው ዕቃ ሸጠው የቀሩ ነበሩ። ፍርድ ቤት ጣልቃ ገብቶ የተወሰኑት ቢተርፉም ብዙው ቀርቷል። ቪዛው ፓስፖርትህ ላይ ሳይለጠፍ አልጋህን አትሽጥ።

በዚህ መሐል ደላላው አለ። «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ በራሱ ኢሜይል የሚሞላልህ፣ ኮንፈርሜሽን ቁጥሩን የሚደብቅብህ፣ ሲደርስህ ብቻ ደውሎ «እንነጋገር» የሚልህ። ሌላው ደግሞ ለደረሳት ልጅ ሀብታም ባል ያመጣል፤ ወጪውን በሙሉ እሸፍናለሁ፣ በወረቀት ተጋቡ ይላል። ኢንተርቪው ላይ ከተነቃ የማጭበርበር መዝገብ ይከፈትባታል፣ ዕድሜ ልኳን ወደ አሜሪካ እንዳትገባ የሚያደርግ። የድሃ ልጅ አንድ ዕድል መጥቶላት እሱንም ቀሙአት ማለት ነው። የቪዛው ክፍያ ብቻ 330 ዶላር ነው፣ በ2016 የባንክ ዋጋ እንኳ ወደ 19 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር፤ ሕክምናው፣ ሰነድ ማረጋገጫው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ሳይቆጠር። ተበድሮ የሚከፍል እንጂ የሚሰጠው የለም፣ ደላላው የሚገባው በዚች ቀዳዳ ነው። ስድብ የሚያምረው ካለ እነዚህን ይስደብ። ከየመንደራችን ናቸው፣ እናውቃቸዋለን።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ ይህን ገጽ የምትከታተሉ ሁሉ ውጭ ሆኖ ስለ እኛ ላይቭ የሚገባን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ስድብ የለም፣ በጨዋ ደንብ፦ ወንድም፣ የያዝከው ወረቀት የትኛው ነው? ግሪን ካርድ ነው፣ ዜግነት ነው፣ ወይስ ጥገኝነት ላይ ነህ? መልሶ ከተናገረ ሐሳቡን በክብር እንሰማለን፣ ውጭ መኖር ወንጀል አይደለም። ጥያቄውን ሰርዞ ብሎክ ካደረገ ስክሪንሾቱን እዚህ አምጡት።

ዲቪ የደረሳችሁ ልጆች፣ በርቱ። ከክልል የምትመጡ ኢንተርቪው አዲስ አበባ ስለሆነ መንገዱን ከቀናት በፊት አስቡበት፣ ማረፊያ የሌለው በውስጥ መስመር ይጻፍልን፤ ኮልፌ፣ ቤቴልና አየር ጤና ያለን ልጆች ተነጋግረናል፣ ፍራሽ አይጠፋም። ምዝገባው በልማድ መስከረም መጨረሻ ላይ ይከፈት ነበር። ኔት ያላችሁ ለሌለው ሙሉ፣ በራሱ ስም በተከፈተ ኢሜይል፣ ኮንፈርሜሽን ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ለራሱ ስጡት። ለአንድ ሰው ሁለቴ እንዳትሞሉ፣ ሁለቱም ይሰረዛል። ባልና ሚስት ግን ለየብቻ ይችላሉ። ፎቶውን ከአሁኑ አስነሱና በሚመጣ ሰው ላኩ፤ በስድስት ወር ስለሚያልፍበት በቅርቡ የተነሳ ይሁን።